ሃያ ሦስተኛው ሚስማር

ወደ ፏፏቴው የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ተማሪ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጋሽ ምርኩዝን ነው። የወጣላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ዛሬ አንድ ሰው ድንገት ቢጠራቸው እንኳን ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላ ዞር ማለታቸው አይቀርም።

ቤታቸው የመኪናው መንገድ የሚያልቅበት፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ያለች የሳንቃ ቤት ናት። ደጃፏ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከበሩ በስተቀኝ፣ ከዝናቡ በቆርቆሮ የተከለለ ሰፊ ሳንቃ ግድግዳው ላይ ተመቷል፤ በሳንቃው ላይ በአራት ረድፍ አርባ ሚስማር፣ በየሚስማሩ ላይ አንድ አንድ ምርኩዝ። ምርኩዞቹን የቆረጡት፣ የላጡት፣ በእሳት ያቀኑት ራሳቸው ናቸው። ጫፋቸውን ብረት አልብሰው፣ አናታቸው ላይ የገመድ ማንጠልጠያ አስረው፣ በጋለ ሽቦ ቁጥር ተኩሰውባቸዋል።

የሚወርድ ሰው አንድ ምርኩዝ ይወስዳል፤ ሲወጣ ካነሳበት ሚስማር ላይ መልሶ ይሰቅላል። ጎብኚው ምርኩዙ ለጉልበቱ የተሰጠው ይመስለዋል። ለጉልበትም ይሆናል፤ ጋሽ ምርኩዝ ግን ለጉልበት ብለው ሰጥተው አያውቁም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከሳንቃው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አርባው ሞልቶ ከሆነ ሸለቆው ውስጥ ሰው የለም። አንዱ ሚስማር ባዶ ከሆነ አንድ ሰው ይቀራል። ያን ጊዜ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ቁልቁል ይወርዳሉ። ያ ሰው ሳይወጣ በር አይዘጋም፣ እራት አይቀርብም፣ ጫማ አይወልቅም።

በዚህ መላ ስንቱን አውጥተዋል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን አንድ ወፍራም ነጋዴ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ ሰውዬው ሙሉውን መንገድ ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ጫማው ሲያለቅስ ነበር። የሞቀ ድንጋይ ላይ እንቅልፍ የጣለውን አስተማሪ ቀስቅሰዋል። ሁለት ፍቅረኞችንም ከአንድ ዋሻ አፍ ላይ አግኝተዋቸዋል፤ እነዚያ እንኳን ሊያመሰግኑ ፊታቸውን አጥቁረው ነው የወጡት። ጋሽ ምርኩዝ ቅር አላላቸውም። ምስጋና ቢመጣ ጥሩ፣ ባይመጣም ሚስማሩ ሞልቷል።

በዚያ ዘመን ሚስታቸው በመስኮቱ በኩል ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። ዕቃዋን አጣጥባ ስትጨርስ “አንተ ሰውዬ፣ እንዝጋ እንጂ” ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ሳንቃውን እያዩ “አንድ ሰው ይቀራል” ይሏታል። ይህችን ንግግር ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማቻት እሷው ታውቃለች። ኋላ ላይማ መቀለጃዋ አደረገቻት። ድመቷ ውጭ ካለች “አንድ ሰው ይቀራል”፤ ድስቱ ውስጥ አንዲት ድንች ተርፋ ካገኘች “አንድ ሰው ይቀራል”፤ እሳቸው ልብስ ሲለብሱ አንድ ቁልፍ ቢዘሉ “አንድ ሰው ይቀራል” እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። አንዳንዴ ደግሞ ፊሽካቸውን ይዘው ሲወርዱ “ለራስህስ አንድ ምርኩዝ አትይዝም?” ትላቸዋለች። “እኔን ማን ይቆጥረኛል?” ይላሉ እሳቸው። “እኔ አለሁ አይደል” ትላለች። እውነትም እስኪወጡ ድረስ በመስኮቱ ትጠብቃቸው ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ሚስታቸው ከተማ ሆስፒታል ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። አንዲት ልጃቸው እዚያው ከተማ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሥራዋን ጥላ እናቷን ታስታምማለች። እኩለ ቀን ላይ የሚኒባሱ ሹፌር መልእክት ይዞ መጣ። ልጅዎ ዛሬውኑ ይምጡ ብላለች፣ ነገ እንዳይሉ፣ አላቸው። ሚኒባሱ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። ጋሽ ምርኩዝ እግራቸውን ታጠቡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ቋጥረው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከሸለቆው የሚወጣው ሰው አንድ በአንድ ምርኩዙን እየሰቀለ ሄደ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሠላሳ ዘጠኙ ተሰቅሏል። ሃያ ሦስት ቁጥር የለም።

ማን እንደወሰደችው ያስታውሳሉ። ቀይ ሻርፕ ያደረገች፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ድንጋዩ ያንሸራትት እንደሆነ ፈርታ ስትጠይቃቸው “ቀስ ብለሽ ውረጂ እህቴ፣ እኔ እዚሁ ነኝ” ብለዋት ነበር።

ሹፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። ምናልባት በወዲያኛው በኩል ወጥታ እንደሆነስ፣ አላቸው። በሸለቆው ማዶ ድንጋይ ለማመላለስ አዲስ መንገድ የተጠረገው በዚያው ወር ነው። ጋሽ ምርኩዝ ግን በኖሩበት ዘመን ሁሉ በዚያ በኩል የወጣ ጎብኚ አላዩም፤ በዚያ የሚወጣ የለም ብለው ነገሩን ዘጉት። “ነገ ጠዋት እመጣለሁ በልልኝ፤ አንድ ሰው ይቀረኛል” አሉና ፊሽካቸውን አጠለቁ።

ቁልቁል ወርደው ኩሬው ዳር ሲደርሱ ቀዩን ሻርፕ ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቶ አገኙት። ቀልባቸው ተገፈፈ። ፊሽካውን እየነፉ ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ዞሩ፤ በማግስቱ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጡ፤ ኩሬው በእንጨት ተዳሰሰ፣ ዋሻው ታየ። ሴትዮዋ የውሃ ሽታ ሆነች። ፖሊስ ጣቢያ ቢያመለክቱ ፖሊሱ ደብተሩን ገልጦ ጠፋ ተብሎ የተፈለገ ሰው የለም አላቸው። ማንም ስላልጠየቃት ሰው መሆኗ ይቀራል እንዴ ብለው ተቆጥተው ወጡ።

ሚስታቸው ያረፈችው በመጀመሪያው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ነበር። እሳቸው የደረሱት በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ነው፤ ጭቃ ከጫማቸው እስከ ኮታቸው ድረስ ወጥቷል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አልጮኸችም።

“አገኘሃት?” አለቻቸው።

“አላገኘኋትም።”

በመሃላቸው የተነገረው ይኸው ነው። እናቷ በመጨረሻ ምን እንዳለች ልጅቱ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የሚፈርድ ይፍረድ። ጋሽ ምርኩዝ ግን በራሳቸው ላይ የፈረዱትን ያህል የፈረደባቸው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። የተሰበረ ምርኩዝ ሲኖር በአዲስ ይተካሉ፤ በሃያ ሦስተኛው ሚስማር ላይ ግን ምንም ሰቅለው አያውቁም። በራቸውንም ግጥም አድርገው ዘግተው አያውቁም፤ ገርበብ አድርገው፣ በብርድ ልብስ ተጀቡነው ነው የሚተኙት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሸለቆው አፍ ላይ ቆመው አንዴ ፊሽካ ይነፋሉ። ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። ከዚያ “ሃያ ሦስት፣ መሽቷል እኮ” ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እንደ መርዶ ነበር የሚሉት፤ እያደር ግን እንደ ጎረቤት ጨዋታ ሆነ። ዛሬ ብርድ ነው፤ ጉልበቴ አሞኛል፤ አንድ ሰው ብቻ መጣ፣ እሱም ሻይ እንኳን አልጠጣ። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ደህና እደሪ ብለዋት ይገባሉ። ሰው ሰምቷቸው ቢሆን ሽማግሌው ለየላቸው ይል ነበር፤ ደግነቱ የሚሰማም የለም።

የሚመጣውም ሰው ተመናመነ። ማዶ ያለው የድንጋይ መንገድ አስፋልት ለብሶ፣ ጫፉ ላይ የብረት አጥር ያለው መመልከቻ ተሠራ። ጎብኚው ከመኪናው ወርዶ፣ ፏፏቴውን ከላይ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ሻዩ ሳይበርድ ይመለሳል። ሸለቆው ውስጥ ሆነው ሽቅብ ሲያዩት ውሃው ከሰማይ የሚወርድ እንደሚመስል ማን ይንገረው። አርባው ምርኩዝ አንድ ላይ ከወረደ ዓመታት ሆኑት። በሳምንት ሁለት ሰው ከመጣ ለጋሽ ምርኩዝ ሠርግ ነው የሚመስላቸው።

ስልክ የሚሠራው ከመንገዱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ ቋጥኙ ላይ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ወሬው ስለ ጤና ይጀምርና ስለ ጤና ያልቃል። ከልብስ መስፊያው በስተጀርባ ያለውን ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች። ቀለም አስቀብታዋለች፣ መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። እሳቸው ሁልጊዜ እስቲ እናያለን ይላሉ። ባለፈው እሑድ ግን ልጅቱ እንደ ወትሮዋ አላለፈችውም።

“አባዬ፣ ለማታውቃት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅክ። እኔ ስንት ዓመት ልጠብቅህ?”

ምን ይበሉ። አንድ ሰው ይቀረኛል ቢሉ ያ ቃል ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እሷም ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዝናቡ ሳይገባ ካልመጣህ ክፍሉን ለሠራተኛዬ እሰጠዋለሁ፣ ሁለተኛ አልለምንህም አለቻቸው። ይህን ስትል እየጨከነች እንዳልሆነ፣ ደክሟት እንደሆነ ገባቸው። ከቋጥኙ ወረዱ። ማታውን ለሃያ ሦስት ምንም አላወሩላትም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ ከሚኒባሱ ወረደች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሻይ ጠየቀች፣ ሻይዋን ግን አልነካችውም። ዓይኗ ሳንቃው ላይ ነው።

“አባባ፣ እነዚህን ምርኩዞች የሚሰጡት እርስዎ ነዎት?”

ነኝ አሏት። ጨርቁን ፈታችው። እንጨቱ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ እንደ ሸክላ ያብለጨልጫል፣ ገመዱ ተቀይሯል፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። ሃያ ሦስት። የጋሽ ምርኩዝ እጅ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀረ።

ሴቲቱ እፍረትና ሐዘን እየተቀላቀለባት ነገረቻቸው። እናቷ በዚያን ቀን ፏፏቴው ሥር ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተገናኝታ፣ በማዶ በኩል መኪና ይዘው ስለነበር አብራቸው ወጥታለች። ምርኩዙን የመመለስ ነገር ትዝ ያላት መኪና ውስጥ ነው። ከአርባ አንዱ ቢጎድል ሰውዬው ልብ አይለውም ብላ ይዛው ገባች። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከእጇ አልተለየም።

“ስትታመም ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ነበር የምናቆምላት” አለች። “ቀስ ብለሽ ውረጂ እህቴ፣ እኔ እዚሁ ነኝ ያለኝ ሰውዬ ነው የሰጠኝ እያለች። መጨረሻ ላይ መልሽልኝ ብላ አደራ አለችኝ። አምና ነው ያረፈችው።”

ጋሽ ምርኩዝ ሊናገሩ የፈለጉት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። የወጣቷን ፊት አዩና ዋጡት፤ ለሟች እናቷ አደራ ልትከፍል እዚህ ድረስ የመጣች ልጅ ምን አደረገቻቸው?

“በደህና ቤቷ ገባች ማለት ነው” አሉ።

“በዚያን ቀን? አዎ፣ በደህና ገባች።”

“ተመስገን።”

ተነስተው ገቡና ከአልጋቸው ሥር ካለች የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ታጥቦ የታጠፈውን ቀይ ሻርፕ አምጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ሴቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ነፋስ ወሰደብኝ ብላ ነግራን ነበር፣ ብላ ሻርፑን ፊቷ ላይ አደረገችው። ቆይታም አንድ ነገር የጠረጠረች ይመስል ቀና ብላ አየቻቸው።

“ፈልገዋት ነበር እንዴ?”

“ትንሽ ፈልጌያት ነበር” አሉ ጋሽ ምርኩዝ።

ሴቲቱ እናቷ ያየችውን ሳታይ መመለስ አልፈለገችም። ያንኑ ምርኩዝ ይዛ ጉሙ ውስጥ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ያለፈው ሁለት ሰዓት ለጋሽ ምርኩዝ ከአሥራ ሁለቱ ዓመት አላነሰም። አግዳሚው አልቀመጥ አላቸው፤ ፊሽካውን አንስተው አንገታቸው ላይ አጠለቁ፣ አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። ሊወርዱ ሲሉ እያለከለከች ብቅ አለች። እሳቸው ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ አልፋቸው ሄዳ፣ ምርኩዙን በገዛ እጇ ሃያ ሦስተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ጉልበታቸውን ስማ፣ ከስድስት ሰዓቱ መኪና ደርሳ ሄደች።

ጋሽ ምርኩዝ ሳንቃው ፊት ቆመው ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። አርባ ነው።

ይህ ቀን ሲመጣ ደስ ይለኛል ብለው ነበር። ደስ አላላቸውም። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። ለአንድ እንጨት፣ ልብ አይለውም ለተባለ አንድ እንጨት የሚስታቸውን ዓይን ሳይዘጉ ቀሩ። ሹፌሩ በግልጽ ነግሯቸው ነበር፤ በዚያ የሚወጣ የለም ያሉት እሳቸው ናቸው። በንዴት ፊሽካውን በጥሰው ሜዳ ላይ ወረወሩት። ጥቂት ቆይተው ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ሌላ የሚያነሳላቸው ሰው የለምና።

ንዴቱ ሲበርድ የተረፈው የባሰ ነበር። ከልማድ የተነሳ ወደ ሸለቆው አፍ ሄደው ሃያ ሦስት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከታች የሚጠሩት ሰው እንደሌለ ትዝ አላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሰው ነበራቸው። አሁን ፏፏቴው ብቻ ነው የሚጮኸው። ጋሽ ምርኩዝ ብቻቸውን እንደሆኑ ያወቁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ቤት ገብተው ምድጃውን አጠፉ። ቅያሪ ልብሳቸውን ቋጠሩ፤ አሁን ግን ሚስታቸው ሻይ ትቀዳበት የነበረችውን ብርጭቆ በፎጣ ጠቅልለው ጨመሩበት። በሩን ግጥም አድርገው ዘግተው ቆለፉት፤ ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ሁለት እጅ ፈለገ። ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆሙ። ተመለሱና ከታችኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አርባኛውን ምርኩዝ አወረዱ። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ሳንቃ ላይ ለራሳቸው አንስተው አያውቁም።

ቋጥኙ ላይ ሲደርሱ የከሰዓቱ መኪና ገና አልመጣም። ልጃቸው ስልኩን ስታነሳ ድንጋጤዋ ከድምፅዋ ይታወቃል፤ እሑድ አይደለማ።

“ምን ሆንክ?”

“ምንም አልሆንኩም። ሃያ ሦስት ተመለሰች።”

ከስልኩ ማዶ የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ ቆመ። “የት ነበረች?”

“ቤቷ። በዚያኑ ቀን ቤቷ ገብታ ነበር።” እሳቸው አሁን ቢያቆሙ መቼም እንደማይናገሩት አውቀዋል። “ሹፌሩ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሸለቆው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ እኔ ማንም የሌለበት ቦታ ስዞር ነው እናትሽ…” አልጨረሱትም። አፍንጫቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። “ስሚ ልጄ፣ ምርኩዝ ይዤ ወጥቻለሁ። አርባኛውን። እስክደርስ በሩን አትዝጊ።”

መስመሩ የተቋረጠ መሰላቸው። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩትና መለሱት።

“እማዬ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለች ጠይቀኸኝ አታውቅም” አለች ልጅቱ።

“ፈርቼ ነው።”

“ነርሷ በሩን ልትዘጋው ስትል ከለከለቻት። ‘አትዝጊው፣ አንድ ሰው ይቀራል’ አለቻት።”

ጋሽ ምርኩዝ ቋጥኙ ላይ ተቀመጡ። ከመንገዱ ጥምዝ ወዲያ የሚኒባሱ ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

“ተቆጥታ ነበር?”

“አይ። ስቃ ነው” አለች ልጅቱ፤ አሁን እያለቀሰች ነው። “ታውቃት የለ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ነርሷ አልገባትም፤ እኔም በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ስትጠይቀኝ ልነግርህ ነበር። በል ና፣ አልዘጋም።”

ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ጓዛቸውን ተቀበላቸው፤ ምርኩዙንም ከኋላ ላስቀምጥልዎት ቢላቸው አይሆንም አሉት። እስከ ከተማ ድረስ በሁለቱ ጉልበታቸው መሃል አቁመው ይዘውት ሄዱ።